እሪ በከንቱ፤ የአምቡላንስ ጩኸት ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘንድ፣ እንደኛው የጊዮርጊስና የቡና ሙግት የማይበርድ አንድ ክርክር አለ። ግማሾቹ የ«ኪው» ደጋፊዎች ናቸው። ኪው ማለት ከእሳት አደጋ መኪናው አፍንጫ ላይ የሚተከል፣ ክሮም የለበሰ፣ ድስት የሚያክል የብረት ሳይረን ነው። ሲነሳ ከሆዱ እያጉረመረመ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ እሪታ ይወጣል። ሌሎቹ «ኤሌክትሮኒክሱ ምን አነሰው?» ባዮች ናቸው። የእነሱ ደግሞ ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ የተሸጎጠ ባለ 100 ዋት ድምፅ ማጉያ ነው፤ አዝራር ሲጫኑት ይጮሃል፣ ሲለቁት ዝም ይላል።

ላይ ላዩን ሲያዩት የዕቃ ምርጫ ነው። የትኛው ይጮሃል፣ የትኛው ይረክሳል፣ የትኛው ባትሪ አይጨርስም… ሥር ሥሩን ስትሄዱ ግን ሌላ ጥያቄ ታገኛላችሁ። መንገድ ላይ ያለው ሰው በእርግጥ ይሰማል ወይ? ከሰማስ በኋላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

እኛ ለዚህ ጥያቄ ሰፈር ሰይመንለታል። እሪ በከንቱ። የስሙን አመጣጥ የሚያወጉ ሰዎች፣ ቦታው ጫካና ገደል በነበረበት ዘመን ቀማኛ የያዘው ሰው ቢጮህ ደራሽ አያገኝም ነበር ይላሉ። ታሪኩን እንደ ወግ ውሰዱት። ስሙን ግን በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ከሳይረን በፊት መንገድ የሚያስለቅቀው የሰው ጉሮሮ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የእሳት አደጋ ሰዎች በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ላይ ቆመው «ሃይ! ሃይ! ሃይ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ደወሉ ተከተለ። ደወል ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያንም፣ የትምህርት ቤትም፣ የትራምም ስለሆነ ከተማው በጮኸ ቁጥር የሱ ድምፅ ከብዙዎቹ አንዱ እየሆነ ሄደ።

ሳይረን ራሱ ለአደጋ የተፈጠረ ዕቃ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጆን ሮቢሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሊቅ፣ የአየር ቱቦን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። በ1819 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር አሻሻለው። የሱ ሐሳብ ቀላል ነው። ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ሰሌዳ ይሽከረከራል፤ አየር ከሥር ይነፋል፤ ቀዳዳው በተገናኘ ቁጥር አየሩ «ፑፍ» ይላል። በሰከንድ አምስት መቶ ጊዜ «ፑፍ» ካለ ጆሮ የሚሰማው አንድ የ500 ሄርዝ ዜማ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይወፍራል። መሣሪያው ስንት ንዝረት ስንት የድምፅ ከፍታ እንደሚሰጥ መቁጠሪያ ነበር። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝም በኋላ ጥንድ ሳይረን አሠርቶ የድምፅን ጠባይ አጥንቶበታል።

ስሙን ያወጣለት ካኛር ነው። መሣሪያው ውኃ ውስጥም ይዘፍን ስለነበር «ሲሬን» አለው፤ በሆሜር ኦዲሴ ውስጥ ባሕር ላይ በዜማቸው መርከበኞችን እያማለሉ ለጥፋት የሚዳርጉት ፍጥረታት ስም ነው። ነገሩን ካሰባችሁት ያስቃል። «ኑ፣ ቅረቡ» እያሉ በሚገድሉት ስም የተጠራው ዕቃ፣ ዛሬ «ዞር በሉ፣ ሰው ላድንበት» የሚል ሆኗል።

ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሥራ ያገኘውም መጀመሪያ ባሕር ዳር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በእንፋሎት የሚነፉ ግዙፍ ሳይረኖች ጭጋግ ሲወርድ መርከቦችን ማስጠንቀቂያ ሆኑ። በ1873 አይሪሽ ተወላጁ የፊዚክስ ሊቅ ጆን ቲንዳል በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ሳውዝ ፎርላንድ ላይ ሳይረኑን ከጡሩምባውና ከመድፉ ጋር እያፎካከረ የትኛው ርቆ እንደሚሰማ ፈትኗል። እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ሙግት ከ150 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው ማለት ነው።

ወደ መኪናው እንምጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሮቸስተር ኒውዮርክ የነበረው ስተርሊንግ ኩባንያ በእጅ የሚዘወሩ፣ ከዚያም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ሳይረኖችን ለእሳት አደጋ መኪናዎች ያቀርብ ነበር። በ1901 ደግሞ ቺካጎ ላይ ፌዴራል ኤሌክትሪክ (የዛሬው ፌዴራል ሲግናል) ተቋቁሞ ነበር። ኪው የሚባለው ሳይረን የዚህ ቤት ልጅ ነው።

የኪው አሠራር ከካኛር ሰሌዳ እምብዛም አይርቅም፤ ኃይለኛ ሞተር፣ የሚሽከረከር መንኮራኩር፣ መስኮት መስኮት ያለው ቤት። ኪው-ቱ-ቢ የሚባለው ሞዴል ከ3 ሜትር ገደማ ሲለካ 123 ዴሲቤል ያወጣል። ዋጋው ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ በ12 ቮልት 100 አምፔር ገደማ ይጎትታል። መካኒክ ጓደኛ ያላችሁ ጠይቁት፤ ይሄ የሞተሪኖ ፍጆታ ነው። ሞተሪኖ ግን ለሁለት ሰከንድ ዞሮ ያርፋል። ለዚህ ነው የኪው ሹፌር እግሩን ረግጦ የማይተወው። አንዴ ያስነሳዋል፣ ይለቀዋል፤ ከባዱ መንኮራኩር በራሱ ጉልበት እየዞረ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እንደገና ያስነሳዋል። ማቆም ሲያስፈልግ ለብቻው ፍሬን አለው። ሁላችንም በፊልም የምናውቀው ያ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርድ ዋይታ ከዚህ የመጣ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ያቀናበረው ዜማ አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አማርኛችን የጩኸት ዕቃዎችን የሚጠራው በብዛት በነጋዴ ስም ነው። የመኪናችን «ክላክስ» በ1908 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው «ክላክሰን» የተባለ ጡሩምባ ነው። በየድግሱና በየስብሰባው የሚተከለው «ሞንታርቦ» ደግሞ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ ፋብሪካ ስም ነው። «ሳይረን» ብቻ ነው ከሆሜር የመጣው!

አሜሪካኖቹ በዋይታ ሲሄዱ አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘች። ጀርመን ውስጥ የማርቲን ኩባንያ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ጋር ተባብሮ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በታመቀ አየር የሚነፉ ባለ ሁለት ድምፅ ጡሩምባዎችን ሠራ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ድረስ የአምቡላንስን ድምፅ ምንጩ ማንም ይሁን ማን «ማርቲንስሆርን» ይሉታል፤ እኛ ክላክስ እንደምንለው መሆኑ ነው። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ድምፁን በመሥሪያ ቤት አከፋፈሉት። መነሻው ለሁሉም 435 ሄርዝ ሆኖ፣ ሁለተኛው ድምፅ ለፖሊስ 580፣ ለእሳት አደጋ 488 ነው። ጆሮው የነቃ ፓሪሳዊ መስኮት ሳይከፍት ማን እያለፈ እንደሆነ ይነግራችኋል። እንግሊዝ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በደወል ቆይታ ነው ወደ ባለ ሁለት ድምፅ ጡሩምባ የተሻገረችው። ጃፓን ደግሞ በ1970 አምቡላንሷን ከፖሊስና ከእሳት አደጋው ዋይታ ለይታ የራሱን «ፒፖ፣ ፒፖ» ሰጠችው፤ 960 እና 770 ሄርዝ። ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። በሽተኛው ራሱ መኪናው ውስጥ እንደተኛ ያስታወሰ ሰው የሠራው ይመስላል።

ከዚያ ትራንዚስተር መጣ። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሳይረኖች ተስፋፉ። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ አዲሱ ዕቃ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አሮጌውን መኮረጅ ነው። መሽከርከሪያ የለው፣ የሚነሳና የሚወርድ ክብደት የለው፤ ሆኖም ያንኑ ረጅም ዋይታ አስመስሎ ያወጣል። ከዚያ በብረቱ ሳይረን የማይቻለውን ጨመረ። ዋይታውን በደቂቃ ሁለት መቶ ጊዜ ገደማ እያፈጠነ እንደ ቡችላ ማስጮህ ቻለ፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ የምትሰሙት «ውይ ውይ ውይ ውይ» እሱ ነው። በዚያው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሹፌሩ በማይክሮፎን «ነጩ ቪትስ ወደ ቀኝ!» ማለት ይችላል።

ድምፅ ማጉያውን ፈታችሁ ብታዩት ሁለት ነገር ነው። ከኋላ ማግኔትና ስስ ሽፋን ያለው ሞተር፣ ከፊት ደግሞ ቀንድ። ቀንዱ ቦታ እንዳይፈጅ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጉልበቱን የሚያበዛው እሱ ነው፤ ያለ ቀንድ ያ ስስ ሽፋን የሚያወጣው ድምፅ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ማግኔቱ ድሮ ከባዱ ፌራይት ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ በ1980ዎቹ የተፈለሰፈውን ኒዮዲሚየም ይጠቀማሉ። ያው ጉልበት በትንሽ ክብደት ስለሚገኝ በጠባብ ፍርግርግ ውስጥ ይገባል። በአንጻሩ ሙቀት ላይ ከፌራይቱ ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ የሞተር ግለት አጠገብ ለሚቀመጥ ዕቃ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሻጮች «100 ዋት» እና «200 ዋት» እያሉ ሲያፎካክሩ ሁለተኛው እጥፍ የሚጮህ ይመስላል። አይደለም። ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ለዚያ 1000 ዋት ያስፈልጋል። ርቀት ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ሜትሩ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወስዳል። የኪውን 123 ብንወስድ፣ ማንም ሳይከልለው በ12 ሜትር 111፣ በ48 ሜትር 99፣ በ96 ሜትር 93 ይሆናል። መስኮቱን የዘጋ መኪና ከዚህ ላይ 30 ገደማ ይቀንሳል። 63 ቀረ። ሞተሩ፣ ጎማው፣ ሬዲዮው ተደምረው ውስጥ 70 ካሰሙ ሹፌሩ ምንም አልሰማም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር አምቡላንስ እነዚያን 96 ሜትሮች ስድስት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳቸዋል።

ይህ እንግዲህ ቀጥታ ፊት ለፊት ላለ ሰው ነው። ቀንድ ድምፁን ወደፊት ስለሚሰበስበው ከጎን ያለው ሰው ያነሰ ይደርሰዋል። ችግሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚያጋጨው መኪና የሚመጣው ከጎን ነው፤ በመካከል ደግሞ ሕንፃ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1978 የታተመ የሳይረን ጥናት መስቀለኛ መንገድ ላይ የሳይረን አስተማማኝ ርቀት ከ8 እስከ 12 ሜትር ቢሆን ነው ብሎ ነበር። 12 ሜትር በ60 ፍጥነት አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሹፌሩ ፍሬን ለመርገጥ እግሩን ሳያነሳ አልቋል።

ሌላም አለ። መስማት አንድ ነገር ነው፣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ሌላ። ጆሯችን የወፍራም ድምፅን አቅጣጫ የሚያውቀው ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜ ልዩነት፣ የቀጭኑን ደግሞ በጭንቅላታችን ጥላ ነው። በመካከል ከ1000 እስከ 3000 ሄርዝ ባለው ክልል ሁለቱም ዘዴዎች ይደክማሉ። ሳይረኖች በብዛት የሚጮሁት ከ500 እስከ 1800 ገደማ ነው፤ ግማሹ በቀጥታ እዚያ የደከመ ክልል ውስጥ ይወድቃል። አምቡላንስ ሲጮህ ሹፌሮች ሁሉ አንገታቸውን እንደ ጉጉት የሚያዞሩት ለዚህ ነው። በ1990ዎቹ የሊድስ ዩኒቨርሲቲዋ ደቦራ ዊዚንግተን ለዚህ መላ አመጣች፤ በሳይረኑ መካከል እንደ ፏፏቴ «ሽሽሽ» የሚል፣ ሁሉንም ከፍታ የያዘ ድምፅ ማስገባት። ጆሮ እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃል። በኔ አስተያየት ከካኛር ወዲህ በዚህ ዕቃ ላይ የታሰበ ብልህ ሐሳብ ይሄ ነው። ነገር ግን አንድ ዕቃ ገዢ «የኔ ሳይረን ሽሽ ይላል» ብሎ አይፎክርም…

ጩኸቱ ሳያጓድልለት ሁሌም የሚደርሰው ሰው ግን አለ፤ መኪናው ውስጥ ያለው። ድምፅ ማጉያው ለረጅም ጊዜ የሚተከለው ጣሪያ ላይ፣ ከሹፌሩ አናት በላይ ነበር። የአሜሪካ የሙያ ጤና ተቋም መመሪያ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቅድና በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱን በግማሽ ይቆርጣል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ማጉያው ከጣሪያ ወርዶ ወደ ፊት ፍርግርግ የሄደው በዋናነት ለዚህ ነው። ከ1999 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጆሯችን ጠፋ ብለው ፌዴራል ሲግናልን ከስሰዋል። ኩባንያው ሲከራከር የኖረው ያለ ኃይለኛ ጩኸት ሳይረን ሳይረን አይሆንም ብሎ ነው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ነገሩን ከባድ ያደረገው ይሄው ነው።

መኪኖች ድምፅ እየከለከሉ ሲሄዱ የተሰጠው የቅርቡ መልስ ደግሞ ወደ ታች መውረድ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ የመጣው «ራምብለር» የሳይረኑን ከፍታ በ75 በመቶ ያወርደዋል፤ 800 የነበረው 200 ሄርዝ ይሆናል። ወፍራም ድምፅ በብረትና በመስታወት ውስጥ ያልፋል፤ የሙዚቃ ቤት ቤዝ ግድግዳ አልፎ ደረት እንደሚመታ ማለት ነው። ቀንድ ለዚህ ስለማይመች ሁለት ቤዝ ስፒከር ይጠቀማል። የኒውዮርክ ፖሊስ ከገዙት አንዱ ነው። መሪው በእጃችሁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አልሰማሁም አትሉም።

ይህ ሁሉ ጩኸት ስንት ጊዜ ያተርፋል? በ1995 በሰሜን ካሮላይናዋ ግሪንቪል ከተማ በሽተኛ የጫነ አምቡላንስን ያለ ሳይረን ከሚነዳ መኪና ጋር አነጻጸሩ፤ ልዩነቱ በአማካይ 43.5 ሰከንድ ሆነ። በ2000 ሲራክዩስ ላይ ወደ በሽተኛው በሚደረገው ጉዞ ሲሞከር አንድ ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ገደማ ተገኘ። ልቡ ላቆመ ሰው ይሄ ብዙ ነው። እግሩ ለተሰበረ ሰው ግን መስቀለኛ መንገድ ላይ የመጋጨት አደጋን የሚያህል አይደለም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ሙከራዎች አንድ ነገር እንዳለ ቆጥረው ነው የተነሱት። ሹፌሩ ከሰማ የሚጠጋበት ቦታ አለው። አሁን ወደ እሪ በከንቱ ልመልሳችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀይ መስቀሉ 907 የተጠራ አምቡላንስ የተጫነው ድምፅ ማጉያ ኒውዮርክ ካለው ጋር የሚለይ ዕቃ አይደለም። ዋቱም ዋት ነው። ልዩነቱ ከፊቱ ያለው ነው። ቀለበት መንገዱ በግንብ የታጠረ ነው። ከ2015 ወዲህ ቀላል ባቡሩ መሬት ላይ በሚሄድባቸው መንገዶች ድምፁ አጥሩን ተሻግሮ ይሄዳል፣ መኪናው ግን መዞሪያ እስኪያገኝ ይጓዛል። ሚኒባሱ ሰው እያወረደ ነው፤ ከጎኑ ሌላ ሚኒባስ ሰው እየጫነ ነው። ሳይረኑ ራሱም ብቻውን አይደለም፤ አጀብ ያልፋል፣ ሰርገኛ ክላክስ ያንጣጣል። ብዙ ሹፌር ሳይረን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው «ማን ባለሥልጣን ነው?» ብሎ ነው። በሽተኛ ሁለተኛ ይመጣል። እዚህ ላይ ከ100 ዋት ወደ 200 መሄድ ለመንገደኛው ራስ ምታት እንጂ ለበሽተኛው ሜትር አይጨምርም።

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዳ ዘመድ ያለው ሰው ሌላውን ታሪክ ሰምቶ ይሆናል። እዚያ ሳይረን ከተሰማ ወደ ቀኝ ጥግ ይዞ መቆም ሕግ ነው፤ የማይቆም ይቀጣል። ጀርመኖች ደግሞ ከዚህም አልፈው ጩኸቱን እስከነጭራሹ ከሒሳቡ አወጡት። ከከተማ ውጭ ባለ ብዙ መስመር መንገድ ላይ ትራፊኩ መንቀርፈፍ ሲጀምር፣ ምንም ሳይሰማ፣ በግራ ዳር መስመር ያሉት ወደ ግራ፣ የቀሩት ሁሉ ወደ ቀኝ ተጠግተው በመካከል ክፍት መንገድ ይተዋሉ። «ሬቱንግስጋሰ» ይሉታል፤ የማዳኛ መተላለፊያ እንደማለት። ከ2017 ጀምሮ ይህን ያላደረገ ሹፌር ቢያንስ 200 ዩሮ ይከፍላል፤ አምቡላንሱ ገና ከጋራዡ ባይወጣም።